ስለ ደከመ ባትሪና ስለ ደከመ ኅሊና

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ ሰው ሥጋ ነው፤ ሆኖም ሰው በእጁ ስለሚይዘው ንብረት ቢነገርም ያው እውነት ነው። የሚደክም ዕቃ ያለው ሰው ሁሉ ሁለት ግዴታ አለበት። የመጀመሪያው ድካሙን በሐቅ መርምሮ ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ያወቀውን እውነት ከሚመለከተው ሰው አለመሰወር ነው። የመጀመሪያውን የተወ የራሱን ገንዘብ ያባክናል፤ ሁለተኛውን የተወ ደግሞ የሌላውን ሰው ገንዘብ ይበላል።

በዛሬው ጊዜ በከተማችን በድሬዳዋ ሁለቱንም ግዴታዎች የሚያፈርስ ምክር እንደ ብልኀት ሲነገር እሰማለሁ። ምክሩ አጭር ነው፤ «የኤሌክትሪክ መኪናህ ባትሪ ከደከመ ሳይነቃበት ሽጠው» የሚል ነው። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሻይ ሲጠጣ፥ በሳቢያን ባጃጅ ሲጠበቅ፥ በታይዋን ገበያ ዕቃ ሲገዛ ይሰማል። የሚናገሩትም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የተማሩ፥ ሥራ ያላቸው፥ ለወላጆቻቸው የሚታዘዙ ልጆች ናቸው። ነገሩን የሚያስፈራ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ክፉ ሲመክር ማንም ይጠነቀቃል፤ ደግ ልጅ ክፉውን ምክር እየሳቀ ሲደግመው ግን የሚጠነቀቅ የለም። ስለዚህ ምክሩን በግልጽ ልቃወመው ተነሥቻለሁ። የምቃወመውም በተግሣጽ ብቻ አይደለም፤ በሒሳብም በሳይንስም ጭምር ነው፤ ምክሩ በደል ከመሆኑም በላይ ያለማወቅ ልጅ ነውና።

አስቀድሞ ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ ታክስ፥ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ በቻይና የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ድምፅ ሳያሰሙ በመንገዳችን ይመላለሱ ጀመር። ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ ላይ መዋል የሰለቸው ሰው መኪናውን በግቢው ውስጥ ከሶኬት ሲሞላ ቢደሰት አይፈረድበትም። መብራታችንም ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውኃ ኃይል የሚገኝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። እንግዲህ ነገሩ በራሱ መልካም ነው፤ እኔም የዚህ መኪና ጠላት አይደለሁም።

ዳሩ ግን መልካም ነገር ሁሉ ያረጃል። የነዳጅ ሞተር ሲያረጅ ያጨሳል፥ ያንኳኳል፥ ዘይት ይጠጣል፤ ገዢውም ድካሙን በጆሮውና በአፍንጫው ያውቀዋል። ባትሪ ግን ሲያረጅ ዝም ይላል። አዲሱና አሮጌው በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ስለዚህ የነዳጅ መኪና የሚገዛ ሰው በከፊል በራሱ ስሜት ሊተማመን ሲችል፥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ግን ከመሣሪያ ምርመራ ሌላ የሚተማመንበት የሻጩን ቃል ብቻ ነው። የሻጩም ኃላፊነት በዚያው ልክ ይከብዳል። በዚህ ላይ ባትሪው ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱ ነው፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የባትሪ ነገር የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጭንቀተኞቹ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ እርሱም መምህር ሆኗል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። አዲስ ሳለ በአንድ ሙሌት 300 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረው መኪና ባለፈው ዓመት ከ200 አላልፍ አለ። በዚህ ጊዜ ወደ እኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ሦስት ወዳጆቼ ሦስት ምክር ሰጡኝ። አንዱ ‹መኪናው ሞቷል፥ በመለዋወጫ ዋጋ ሽጠህ ተገላገል› አለኝ። ሁለተኛው ‹ተበድረህም ቢሆን አዲስ ባትሪ አስገባ› አለኝ። ሦስተኛው ‹ቀለሙን አሳምረህ ሳይነቃበት ሽጠው› አለኝ። የትኛውን ልስማ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፥ «ልጄ፥ ሳትመረምር አንዱንም አትስማ፤ ሦስተኛውን ግን መርምረህም ቢሆን አትስማ» አልሁት። ምክንያቱን እዚህ የምጽፈው ይህ ጥያቄ ነገ የብዙዎቻችሁን በር ስለሚያንኳኳ ነው።

የመጀመሪያው ምክር «ሞቷል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ባትሪ ምን እንደ ሆነ አልጠየቁም። ዛሬ በመኪና የምናየው የሊቲየም ባትሪ በገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አሠራሩ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ሊቲየም የሚባለው ቀላል ብረት ስንሞላ ወደ አንዱ ወገን ይሄዳል፥ ስንነዳ ወደ ሌላው ወገን ይመለሳል። በምልልሱ ሁሉ ግን ጥቂት ሊቲየም ተይዞ ይቀራል፤ የቀረውም አይመለስም። ጨው ጭኖ የሚመላለስ ግመል በጆንያው ቀዳዳ በኩል ጥቂት ጥቂት እያፈሰሰ እንደሚሄድ ማለት ነው። ጆንያው ሲጎድል ግመሉ ሞተ አይባልም፤ የሚያደርሰው ጨው አነሰ ይባላል።

ደግሞም የመኪና ባትሪ አንድ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 መሸጥ የጀመረውን ኒሳን ሊፍ የተባለውን መኪና ለምሳሌ ብንወስድ፥ ባትሪው 192 ሴሎች በ48 ሞጁሎች ተከፍለው የተያያዙበት ነበር። ተከታትለው የታሰሩ ግመሎች ከደካማው ግመል ፈጥነው መሄድ እንደማይችሉ፥ ተከታትለው የተያያዙ ሴሎችም ከደካማው ሴል በላይ መሥራት አይችሉም። ስለዚህ «ባትሪው ደከመ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ልዩ ልዩ ነገር ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሴሎች በእኩል አርጅተው ይሆናል። ወይም ጥቂት ሴሎች ብቻ ታመው ሌሎቹን ጎትተዋቸው ይሆናል። ወይም ትልቁ ባትሪ ደኅና ሆኖ፥ የመኪናውን ኮምፒዩተርና መብራት የሚያስነሣው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ደክሞ ይሆናል፤ ይህ ትንሽ ባትሪ ሲወድቅ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም እንኳ መኪናው አልነሣም ይላል። የመጀመሪያው የዕድሜ ነገር ነው። ሁለተኛው አንዳንድ ጊዜ የታመመውን ሞጁል በመለወጥ የሚድን ነው፤ አዲስ የሚገባው ሞጁል ግን ዐቅሙ ከቀሩት ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፥ አለዚያ ጥገናው አይሰነብትም። ሦስተኛው በጥቂት ገንዘብ የሚያልቅ ነው። እነዚህን ሳይለይ «ሞቷል» የሚል ሰው፥ ራሱን ላመመው ሰው መቃብር የሚያስቆፍር ሐኪምን ይመስላል።

የሚለየውም በመለካት ነው። ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ የሚገባ መመርመሪያ መሣሪያ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅና የባትሪውን ቀሪ ዐቅም ያነባል፤ ይህን የሚያውቅ ባለሞያ ፈልጋችሁ አስመርምሩ። በቤታችሁም ግምቱን ልትደርሱበት ትችላላችሁ። በሌሊት የቤቱ ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ መኪናው ከ20 እስከ 100 በመቶ ሲሞላ ቆጣሪው የቆጠረውን መዝግቡ። ለምሳሌ አዲስ ሳለ በዚህ መጠን 36 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚቀበል ባትሪ ዛሬ በቆጣሪው 27 ብቻ ቢወስድ፥ በመሙላት ጊዜ የሚባክነው አንድ አሥረኛ ገደማ ሲቀነስ 24 ይቀራል፤ ይህም የ36 ሁለት ሦስተኛ ነው። እንግዲህ ይህ ባትሪ አልሞተም፤ ሁለት ሦስተኛው በሕይወት አለ። ነገር ግን ከመለካት አልፋችሁ ክዳኑን እንዳትከፍቱ ዐደራ እላችኋለሁ። በውስጡ ያለው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ስለሆነ በቅጽበት ሰው ይገድላል።

እዚህ ላይ አንዳንድ የድሬዳዋ ሰው ይቈጣኝ ይሆናል። «እኛ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከገባ ጀምሮ የጥገና ልጆች ነን፤ በፈረንሳይ አገር መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የቆመውን ፔጆ 404 ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ታክሲ አድርገን ነዳነው፤ አንድ ባትሪ ያቅተናልን?» ይል ይሆናል። ይህ ኩራት ይገባናል። የምድር ባቡር የጥገና ቤት ያፈራቸው ባለሞያዎች የጠፋውን ብሎን በቶርኖ እየቀረጹ መኪናና ባቡር አቁመዋል። ነገር ግን ባትሪ ብረት ብቻ አይደለም፤ ኬሚስትሪ ነው። የተበላ ብረት በቶርኖ ይተካል፤ ታስሮ የቀረ ሊቲየም ግን በመዶሻም በቶርኖም አይመለስም። ስለዚህ ከአባቶቻችን የምንወርሰው መዶሻቸውን ሳይሆን ልማዳቸውን ነው፤ ይኸውም ከመጣል በፊት ፈትቶ መመርመር፥ የማያውቁትንም መማር ነው።

ሁለተኛው ምክር «ተበድረህም ቢሆን አዲስ አስገባ» የሚለው ነው። ይህ ከፊተኛው ይልቅ የተከበረ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የትዕቢት ምክር ነው። ባትሪ የሚለካው ከሚሄዱበት መንገድ ጋር ነው። ከሳቢያን ተነሥቶ ከዚራ ትምህርት ቤት አድርሶ፥ በቀፊራ በኩል ዞሮ ለሚመለስ ሰው በቀን 30 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ይህ ሰው 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባትሪ ይዞ «ደከመብኝ» ብሎ ቢበደር፥ አንድ እንጀራ የሚበቃው ሰው መሶቡ አልሞላም ብሎ ማሳውን እንደ መሸጥ ነው። ሐረር ቢሄድስ? ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ደንገጎ ላይ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 0.44 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ለ800 ሜትር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህም ሲመለስ በቁልቁለቱ ጥቂቱን ሞተሩ መልሶ ለባትሪው ይሰጠዋል። እንግዲህ የእኛ መምህር ሐረር ደርሶ ሊመለስ ይችላል። አዲስ አበባ ግን በአንድ ሙሌት አይደርስም፤ አዲስ ሳለም አይደርስም ነበር። ለዚያማ ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ባቡር በከተማችን ያልፋል።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተመረጡ ናቸው፤ እናንተ በገበያው ዋጋ ለውጧቸው። መኪናው ባትሪው ጤነኛ ቢሆን 100 ብር ያወጣል፥ አሁን ባለበት ሁኔታ በእውነት ተነግሮ ቢሸጥ 55 ብር ያወጣል፥ አዲሱ ባትሪ ከነሥራው 60 ብር ነው እንበል። ባትሪውን ለውጦ ሊሸጠው የሚያስብ ሰው 55 በሚያወጣ መኪና ላይ 60 ጨምሮ 115 ብር ያወጣበትን ዕቃ በ100 ይሸጣል፤ 15 ብር ጣለ ማለት ነው። ባትሪውን ለውጦ 8 ዓመት ሊነዳው የሚያስብ ሰው ግን 60ን ለ8 ሲያካፍል በዓመት 7 ብር ከ50 ይደርስበታል፤ ይህ ለነዳጅ ከሚያወጣው ካነሰ መልካም ሥራ ሠርቷል። ባለው ባትሪ ሦስት ዓመት ሊነዳ የሚበቃው ሰው ደግሞ በዓመት 10 ብር ቢያስቀምጥ፥ በሦስተኛው ዓመት የባትሪውን ግማሽ ዋጋ ያለ ወለድ በእጁ ይዞ ይገኛል። መጠበቅ ጉዳትም ጥቅምም አለው። የባትሪ የፋብሪካ ዋጋ በዓለም አማካይ ሲታይ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ብራችን ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ ግን እንደዚሁ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጠባቂው ሁለቱንም እየተመለከተ ይጠብቅ።

ባትሪውን መለወጥ የሚገባው ሰውም አለ። በየቀኑ መንገዱ ረጅም የሆነ፥ የመኪናው አካል ጤነኛ የሆነ፥ የሚገዛው ባትሪ በጽሑፍ ዋስትና ያለው፥ ዕዳውም የልጆቹን ትምህርት የማይነካ ከሆነ ይለውጥ። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ወሰኑም ዐቅሙ ከ70 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። በአምራቹ ወኪል በኩል ላልገባ መኪና ግን ይህ ዋስትና በአገራችን ብዙ ጊዜ አይከተለውም፤ ስለዚህ ወረቀቱን አንብቡ። ከለወጣችሁም በኋላ ያረጀበትን ምክንያት አብራችሁ ለውጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በአሪዞና በረሃ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ባትሪያቸው በሁለት ዓመት ውስጥ እየደከመ ብዙ ጮኸው ነበር፤ የዚያ መኪና ባትሪ ሙቀቱን የሚያበርድለት ፈሳሽ አልነበረውምና። ኩባንያውም በዚህ ምክንያት የዐቅም ዋስትና ሰጠ፤ ኋላም የባትሪውን ኬሚስትሪ አሻሻለ። ድሬዳዋም በግንቦትና በሰኔ ምን እንደምትመስል የምታውቁት ናችሁ። በፀሐይ አቁሞ፥ ሁልጊዜ እስከ 100 ሞልቶ፥ ሞልቶም ለቀናት ትቶ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው፥ በተቀደደ ጆንያ አዲስ ጨው የሚጭን ሰው ነው። መኪናችሁን በጥላ አቁሙ፤ አምራቹ ሌላ ካላዘዘ በቀር ለዕለት መንገድ 80 በመቶ ይበቃል፤ ፈጣኑንም መሙያ ለጉዞ ብቻ አቆዩት።

ወደ ሦስተኛው ምክር ደርሰናል፤ የጽሑፌም ዋና ነገር ይህ ነው። «ሳይነቃበት ሽጠው።» ከሁለቱ ቃል «ሳይነቃበት» በምትለው ላይ ቆም በሉ። ማን ሳይነቃ? ገዢው። ገዢው ማን ነው? ባለጸጋ አይደለም፤ ባለጸጋ አዲስ ይገዛል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው እቁብ የደረሰው፥ ከወንድሙ የተበደረ፥ ታክሲ ሠርቼ ቤቴን አስተዳድራለሁ ያለ ሰው ነው። ወደዚያ መምህር የመጣውም ገዢ እንዲህ ያለ፥ በቅርብ ያገባ ወጣት ሾፌር ነበር። መኪናውን አይቶ ወደደው፤ ዋጋውንም ተስማማ። መምህሩ ግን የምርመራውን ወረቀት አውጥቶ አሳየው፤ «ሴሎቹ ሁሉ እኩል አርጅተዋል፥ ከአዲሱ ሁለት ሦስተኛ ቀርቶታል፥ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ አይሆንህም» አለው። ሾፌሩ አመስግኖ ሄደ። መኪናው ሳይሸጥ ቀረ። በዚያ ማታ ወዳጆቹ መምህሩን «ሞኝ» ብለው ሳቁበት። እኔ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለእነዚያ ሳቂዎች ነው።

ሳቂዎቹ ሦስት ክርክር አላቸው፤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

«ገዢው ራሱ ዓይን አለው፥ ይመርምር» ይላሉ። እኔም ገዢ ሳይመረምር አይግዛ እላለሁ። ነገር ግን የገዢ ስንፍና ለሻጭ ውሸት ፈቃድ አይሆንም። በሩን ሳይዘጋ የተኛ ሰው ሰነፍ ነው፤ የገባበት ግን ያው ሌባ ነው። እንዲያውም የባትሪውን ጤና የሚመዘግበውን ኮምፒዩተር እንዲረሳ አድርገው፥ የደከመውን ባትሪ ለጥቂት ሳምንት ሙሉ ጤነኛ አስመስለው የሚሸጡ ሰዎች በሌላ አገር ተገኝተዋል። መስታወቱ ከተቀባ ገዢው በየትኛው ዓይኑ ይይ? ይህ ሐሰተኛ ሚዛን ነው። ሐሰተኛ ሚዛን በቤተ ክርስቲያንም፥ በመስጊድም የተወገዘ ነው። ሕጋችንም ያውቀዋል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዛል፤ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭ «ኃላፊነት የለብኝም» የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባ እንኳ አያድነውም።

«ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ይላሉ። ሁሉም እንዲህ ካደረገ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ላሳያችሁ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2001ም ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። ሐሳቡም እንዲህ ነው። ገዢ ደኅናውን ከበሽተኛው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የበሽተኛ ዋጋ ይሰጣል። የደኅና መኪና ባለቤት በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይመለሳል። በገበያው የሚቀረው በሽተኛው ብቻ ይሆናል፤ ዋጋውም ዳግመኛ ይወርዳል። እንግዲህ «ሳይነቃበት ሽጠው» የሚል ሰው አንድ ሾፌር ብቻ አላታለለም፤ የጎረቤቱን የደኅና መኪና ዋጋ፥ ነገም የራሱን መኪና ዋጋ አረከሰ። ድሬዳዋ ከብዙ አገርና ከብዙ ቋንቋ የመጡ ነጋዴዎች ተማምነው ያቆሟት ከተማ ናት። እርስ በርሱ የማይግባባ ሰው ሊነግድ የቻለው ቃል ዋጋ ስለነበረው ነው። ቃል ከረከሰ የሚቀረን ምንድር ነው?

«እኔም ተታልዬ የገዛሁት ነው» ይላሉ። ከሦስቱ ልብን የሚነካው ይህ ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተሰረቀበት ሰው ከጎረቤቱ ቢሰርቅ ዕዳው ተከፈለለት እንጂ ጠፋ አይባልም። የበደለህን ትተህ ያልበደለህን መቅጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ያታለለህን ታውቀው እንደ ሆነ ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ዳኛ ውሰደው። ካላወቅኸው ግን በደሉ በአንተ ዘንድ ይቁም። አንድ ሰው ሸክሙን ተቀብሎ «ከእኔ አያልፍም» ያላለ እንደ ሆነ ሐሰቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በመጨረሻ የሚወድቀው ከሁሉ በደኸየው ጀርባ ላይ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚያስተላልፍለት የለምና።

ደግሞም ባትሪው በእርግጥ ያለቀለት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜም ግዴታው አያልቅም። ለመኪና የማይበቃ ባትሪ ቆሞ ለሚያገለግል ሥራ ሊበቃ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአምስተርዳም የሚገኘው የዮሃን ክራይፍ ስታዲየም 148 የኒሳን ሊፍ ባትሪዎች የሚያክል የኃይል ማከማቻ ተክሏል፤ ከእነዚህም መካከል በመኪና ያገለገሉ ነበሩባቸው። በዚያው ዓመት በጃፓን በናሚዬ ከተማ ያገለገሉ የመኪና ባትሪዎችን መርምሮ እንደገና የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ተከፍቷል። መብራት በሚቋረጥበት አገራችን ይህ ለወጣት ባለሞያዎች ሰፊ የሥራ ሜዳ ነው። ይህን የማይችል ሰው ቢያንስ ለሚያውቅ ይስጠው እንጂ ሜዳ ላይ አይጣለው። የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ በራሱ ሊቃጠል ይችላል፤ ጭሱም መርዝ ነው። በደቻቱ አሸዋ ላይ የተጣለ ነገር ተጥሎ እንደማይቀርም ከሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ የበለጠ ማስረጃ አያሻንም፤ ደረቅ የሚመስለው ወንዝ በአንድ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን።

ያ መምህር መኪናውን ዛሬም ይነዳዋል። በከተማው ይመላለስበታል፥ አንዳንድ ጊዜም ሐረር ይወጣበታል። በየወሩ ለባትሪው ጥቂት ያስቀምጣል፤ ገንዘቡም እስካሁን አልሞላም። ያጣውን ዋጋ አላቃልለውም፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚያክል አውቃለሁና። ነገር ግን ያ ሾፌር ዛሬ በመንገድ ሲያገኘው ቆሞ ሰላም ይለዋል። ሳቂዎቹ የሸጡላቸው ሰዎች በመንገድ ሲያገኟቸው ምን እንደሚያደርጉ እነርሱ ይንገሩን።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ለክቶ ከመወሰን በፊት «ሞተ» አትበሉ፤ መንገዳችሁን ሳትቆጥሩ አትበደሩ። የመረጣችሁትም ማቆየት ቢሆን፥ መለወጥ ቢሆን፥ መሸጥ ቢሆን ሦስቱም ለሐቀኛ ሰው የተከፈቱ መንገዶች ናቸው፤ መሸጥ ነውር አይደለም፥ ነውሩ መደበቅ ነው። ባትሪያችሁን ያስመረመራችሁበትን ወረቀት በመሳቢያ አኑሩት። መኪናውን የምትሸጡ ዕለትም ገዢው ሳይጠይቃችሁ ከሊብሬው ጋር አብራችሁ በእጁ ስጡት።